ድግሱ መጣ፣ እጁ ቀረ

የበዓል ዋዜማ አየር ጤና፣ አስኮና አዲሱ ገበያ ላይ ታክሲ የሚጠብቀውን ሰው ያስተዋለ የዳርቻውን ኑሮ በአንድ ጊዜ ያየዋል። ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩና ወደ ሱሉልታ የሚሄደው ሚኒባስ ከሰው ጋር እግሩ የታሰረ ዶሮ፣ በማዳበሪያ የተቋጠረ ሽንኩርት፣ ኮባና ቄጠማ ይጭናል። ከተሳፋሪዎቹ መካከል አንዱን ልጅ አዝለው ሌላውን በእጃቸው የያዙ እናቶች አይጠፉም። ለሌላው ቤተሰብ በዓሉ የሚጀምረው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ ለእነሱ ግን ከባዱ የሥራ ቀን ገና ቤት ሲደርሱ ይጀምራል። ይህን ድካም ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የምናነሳው ግን አንድም ለማመስገን፣ አንድም ለማዘን ነው። እናትን «ጀግና» ብለን እናልፋለን። ድካሙ ከየት እንደመጣ ብንጠይቅ ግን መልሱ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደናል። በዓሎቻችን ሲሠሩ ብዙ እጅ ላለበት ግቢ ተብለው ነው። ኑሮ ወደ ከተማው ዳር ሲገፋን የድግሱን ዝርዝር አንድም ሳናጎድል ይዘን ወጣን፤ ሥራውን ይካፈል የነበረው እጅ ግን በየመንገዱ ቀረ። ስለዚህ መፍትሔው በዓሉን መተውም የእናትን ትዕግሥት ማወደስም ሊሆን አይችልም፤ የጎደለውን እጅ መልሶ ማደራጀት ነው።

የዶሮ ወጥን ሥራ አንድ በአንድ መቁጠር ነገሩን ያስረዳል። ዶሮው ከታረደ በኋላ የፈላ ውኃ ይፈስበታል፣ ላባው ይነጫል፣ በእሳት ይለበለባል። ከዚያ ብልት ማውጣት ይመጣል፤ በልማዱ 12 ብልት ነው፣ አንዱ ቢበላሽ እንግዳ ፊት ያሳፍራል። እያንዳንዱ ብልት በሎሚና በጨው እየታሸ፣ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ደጋግሞ ይታጠባል። ሽንኩርቱ ይላጣል፣ ደቆ ይከተፋል፣ ከዚያም ለሰዓታት ይቁላላል። በዚህ ጊዜ ከድስቱ አጠገብ መራቅ አይቻልም፤ ትንሽ ከተዘነጋ ያራል፣ ካረረ ደግሞ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል። በርበሬው፣ ንጥር ቅቤው፣ መከለሻው እያንዳንዱ ከሳምንታት በፊት የተለፋበት ነው። ጠላ የሚጠምቅ ቤት ጥንስሱን ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ ድፎ ዳቦው ሊጡ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል፣ ኮባው ይታጠባል፣ ምጣዱ ይሟሻል። ይህን ሁሉ ለአንድ ሰው ብሎ ያሰበ ባህል የለም። አንዷ ስትልጥ ሌላዋ ትከትፋለች፣ አንዷ ስታቁላላ ሌላዋ ውኃ ታቀርባለች፣ አያት ደግሞ ከልጆቹ ጋር ትቀመጣለች ተብሎ የተሠራ ሥርዓት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው በትክክል ለዚህ ነው፤ እኛ ሎሚውን ሳንቀንስ ሰውን ቀነስን።

ሰው እንዴት እንደቀነሰ ቁጥሩ ይናገራል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ የምትወልደውን ልጅ ቁጥር በአገር አቀፍ ደረጃ 4.6፣ በገጠር 5.2፣ በከተማ 2.3፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 1.8 ብሎ መዝግቧል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያማ ቀለላት፤ እናቶቻችን ስምንት ወልደው አሳድገው በዓል አክብረው ኖረዋል» ይላል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ስምንት ልጅ ባለበት ቤት ታናሹ ሲድህ ታላቋ አሥራ ሁለትና አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቷታል፤ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ታናሾቿን ታዝላለች። ሁለት ልጅ ባለበት ወጣት ቤት ግን ሁለቱም ከሰባት ዓመት በታች የሚሆኑበት ዘመን አለ፤ ያኔ በቤቱ ቢላ መያዝ የሚችል እናትና አባት ብቻ ነው። በዚያ ላይ የድሮዋ ታላቅ ልጅ ያን ሁሉ የምትሠራው ብዙ ጊዜ ትምህርቷን እየከፈለች ነበር። ዛሬ ያቺ ልጅ ክፍል ውስጥ ናት፤ መሆንም ያለባት እዚያው ነው። እናቶቻችን ችለውታል የምንለው ብቻቸውን ስለቻሉት ሳይሆን የሌሎች ሴቶችና የሴት ልጆች እጅ ስለነበራቸው ነው። የቤት ሠራተኛም እንደ ድሮው በቀላሉ አትገኝም። ከገጠር የምትመጣ ወጣት ዛሬ አማራጭ አላት፤ አንዷ ወደ ዓረብ አገር ትሄዳለች፣ ሌላዋ በሰበታ ዙሪያ ያለ ፋብሪካ ወይም የአበባ እርሻ ትገባለች። ይህም ለእሷ የተሻለ ከሆነ ማንም ሊቆጭ አይገባም። ብቻ አንድ ተጨማሪ እጅ ሄደ ማለት ነው።

ሦስተኛው የቀረው እጅ የጎረቤት ነው፤ እዚህ ላይ የቦታው ታሪክ ይገባል። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ ያደጉ ከተሞች ናቸው። ነባሩ የኦሮሞ ገበሬ ቤተሰብ፣ ከመሐል ከተማ የቤት ኪራይ ገፍቶ ያወጣው፣ ሥራ ፍለጋ ከየክፍለ አገሩ የመጣው በአጭር ጊዜ አንድ ላይ ተሰባስቧል። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከሌሎች የዙሪያ ከተሞች ጋር ተዋሕደው ሸገር ከተማ ተባሉ፤ በዚያው ዓመት በተካሄደው የቤት ፈረሳ ብዙ ሰፈሮች ተበተኑ፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ስጋቱን ገልጾ ነበር። ቤት ሲፈርስ የሚጠፋው ቆርቆሮና ጭቃ ብቻ አይደለም። እናት ልጇን «አንዴ እይልኝ» ብላ ትታ የምትሄድባት ጎረቤት አብራ ትጠፋለች። እንዲህ ያለች ጎረቤት ደግሞ በአንድ ወር አትገኝም፤ ስንት ቡና አብሮ ተጠጥቶ፣ ስንት አራስ ተጠይቆ የሚገነባ መተማመን ነው። አዲስ ሰፈር የገባች እናት የግቢዋ አጥር ከፍ ያለ፣ እህቷ ያለችው ከተማው ማዶ፣ ባሏም ገና በትራንስፖርት ሰልፍ ላይ ነው። ዘመድ ቅርብ ቢሆን ኖሮ በሩብ ሰዓት የሚደርስ እርዳታ ከሁለት ታክሲ በኋላ ይደርሳል።

የትንንሽ ልጆች መኖር ሥራውን በእጥፍ የሚያሳድግበት ሌላም ምክንያት አለ፤ በሰዓት ሳይሆን በወር የሚቆጠር ነው። ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። ሕፃናት ግን አይጾሙም፤ በልማዱ ጾም የሚያዝ ከሰባት ዓመት ጀምሮ ነው። ስለዚህ ትንንሽ ልጆች ያሉባት እናት በአንድ ምድጃ ላይ ሁለት ማዕድ ታዘጋጃለች፤ ለአዋቂው የጾም፣ ለሕፃናቱ የፍስክ። ድስቱ፣ ማንኪያው፣ ጭልፋው እንዳይነካካ ለየብቻ ይታጠባል፣ ለየብቻ ይቀመጣል። የሕፃናት አመጋገብ ተመራማሪዎች ደጋግመው የታዘቡትም ዕቃው ይነካካል በሚል ስጋት ብዙ ቤት በጾም ወራት ለሕፃኑም እንቁላልና ወተት እንደሚቀርበት ነው። በ2008ቱ ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት ዝቅተኛውን ተቀባይነት ያለው አመጋገብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዋናው ምክንያት ድህነት መሆኑ አያጠራጥርም፤ ግን ሁለት ማዕድ በአንድ እጅ መሥራት የሚጠይቀው ጉልበትም ከሒሳቡ መውጣት የለበትም። ሱሉልታ ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። አካባቢው ለአዲስ አበባ ወተት አቅራቢ ነው፤ በጾም የወተት ገበያ ሲቀዘቅዝ ላሟ መታለቧን አታቆምም። ያልተሸጠው ወተት ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤና አይብ ሆኖ ለፋሲካ ገበያ ይቀመጣል። የሚንጠውና የሚያነጥረው እጅ በአብዛኛው የእናት ነው። ለሱሉልታዋ እናት የፋሲካ ሥራ በዋዜማው አይጀመርም፤ ከሁለት ወር በፊት ተጀምሯል።

ሰበታ ዙሪያ ያለው የአበባ እርሻም ይህንኑ ጥያቄ በሌላ በኩል ያነሳል። ኢትዮጵያ በአበባ ኤክስፖርት ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ የምትጠቀስ አገር ናት፤ አበባው በብዛት በቦሌ በኩል ወደ ኔዘርላንድስ ይሄዳል፣ ለቅሞ የሚያስረውም አብዛኛው ሴት ነው። ሥራው የሚጠናው የአውሮፓ ገዢ አበባ በሚፈልግበት ወቅት ሲሆን ከዋናዎቹ ወቅቶች አንዱ በግንቦት መግቢያ የሚውለው የእናቶች ቀን ነው። በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 27 ነበር፤ በብዙ አገር የሚከበረው የእናቶች ቀን ደግሞ ልክ በሳምንቱ፣ ግንቦት 4። ለሌላ አገር እናት ስጦታ የሚሆነው አበባ በዚያ ዓመት የታሰረው እንግዲህ የሰበታዋ እናት ሽንኩርት በምትከትፍበት ሳምንት ነበር። ሕጉ በበኩሉ ለበዓል ቀን ሥራ ዋጋ ሰጥቶታል፤ የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በሕዝብ በዓል ቀን የሠራ ሠራተኛ የሰዓት ደመወዙ እጥፍ እንዲከፈለው ይደነግጋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። አንዲት ሴት በበዓል ቀን እርሻ ውስጥ ጽጌረዳ ብታስር ሥራዋ ከሌላው ቀን እጥፍ ያወጣል፤ ቤቷ ሆና ለስምንት ሰው ብታበስል፣ ሁለት ሕፃን ብታጥብና ብታለብስ፣ እንግዳ ብታስተናግድ ግን «ዛሬ እረፍት ናት» ትባላለች። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ያካሄደው የመጀመሪያው አገር አቀፍ የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ያልተከፈለበት የቤት ሥራ በአብዛኛው በሴቶች ላይ እንደሚወድቅ አሳይቷል። በዓል ይህን ልዩነት አይፈጥረውም፤ ያጎላዋል እንጂ።

«ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አለ» የሚል ተከራካሪ ይመጣል። እውነት ነው፤ እንጀራው ይገዛል፣ ዳቦው ይገዛል፣ በርበሬውም ተፈጭቶ ይሸጣል፣ ዶሮ አርደውና ብልት አውጥተው የሚያስረክቡም አሉ። አቅም ላለው ቤት ይህ እውነተኛ እፎይታ ነው፤ «ሙያ የላትም» ብሎ የሚያሽሟጥጥ ካለም ሙያውን ራሱ ያሳይ። ነገር ግን የተገዛ እጅ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ገንዘብ ደግሞ በበዓል ሰሞን ከሁሉ በላይ የሚጠፋ ነገር ነው። በተለይ መስከረም ላይ ሒሳቡን እንየው። ነሐሴ 13 ቡሄ፣ በ16 የፍልሰታ ፍቺ፣ መስከረም 1 እንቁጣጣሽ፣ ወዲያው የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ደብተርና ዩኒፎርም፣ መስከረም 17 መስቀል፣ ከመስቀል በኋላም ኢሬቻ። ኢሬቻ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባም በሆራ ፊንፊኔ ስለሚከበር ከዳርቻው ከተሞች ሌሊት ተነስተው ልጆቻቸውን የባህል ልብስ አልብሰው የሚወጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። አንድ ወር ተኩል በሚያህል ጊዜ ይህን ሁሉ የሚያልፍ ቤት እጁን ሁልጊዜ በገንዘብ ሊገዛ አይችልም። ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ደግሞ ገንዘብም የማይፈታው ችግር አለ። ቡራዩ ላይ ያለው የገፈርሳ ግድብ ከ1930ዎቹ ጀምሮ አዲስ አበባን ያጠጣ ነው፤ በዙሪያ ከተሞቹ ግን ዶሮዋን ደጋግማ የምታጥብ እናት ጀሪካኖቿን ቆጥራ፣ የልጆቹን ገላ አስቀድማ ወይም አስከትላ፣ ውኃውን አብቃቅታ ነው የምትሠራው።

ሌላው ተከራካሪ ከዚህ ይብሳል፤ «ይቅራ! ማን አስገደደ?» ይላል። ይህ የትልልቅ ሰዎችን ዓለም ብቻ የሚያስብ ሰው ክርክር ነው። በዓል ለአዋቂ ማረፊያ ሊሆን ይችላል፤ ለሕፃን ግን ትምህርት ቤት ነው። ቡሄ ሲመጣ ልጆች በቡድን ሆነው፣ አውራጅ መርጠው፣ ዱላቸውን መሬት እየመቱ ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ ሙልሙሉን ወይም ሳንቲሙን ሲካፈሉ መተማመንን ይለማመዳሉ። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ሴቶቹ አበባየሆሽ እያሉ፣ ወንዶቹ በቀለም የሣሉትን ሥዕል ይዘው የሰፈሩን በር ያንኳኳሉ። የመሐል ከተማ ልጅ አደይ አበባን በእስር የሚገዛ ሲሆን የሱሉልታ ልጅ ሜዳ ወጥቶ ይለቅማል። አንድ ሕፃን ከእሱ ቤት ውጭ ሰዎች እንዳሉ፣ በራቸውም እንደሚከፈትለት የሚያውቀው በእነዚህ ቀናት ነው። የኢድ ጠዋት አዲስ ልብስ ለብሶ ከአባቱ ጋር ወደ ሶላት የሚሄድ ልጅም የሚማረው ይህንኑ ነው። በአዲስ ሰፈር፣ ቋንቋውና ሃይማኖቱ በተቀላቀለበት ከተማ ይህ ትምህርት ከመሐል ከተማው ይልቅ ያስፈልጋል። በዓሉን የሚሠዋ መፍትሔ የእናትን ሸክም ከልጁ ድርሻ ቀንሶ የሚከፍል ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ የአባት ነው፤ እሱም ከሚመስለው በላይ ረቂቅ ነው። «በባህላችን ወንድ ማድቤት አይገባም» የሚለው መከራከሪያ ባህሉን ግማሹን ብቻ ያስታውሳል። በባህሉ ወንድ የበዓል ሥራ ነበረው። በግ ወይም በሬ ለመግዛት ሩቅ ገበያ ይሄድ ነበር፤ እንጨት ይፈልጥ፣ ያርድ፣ ይገፍ፣ ቅርጫውን ይከፋፍል፣ ሥጋውን ተሸክሞ ያደርስ ነበር። ዛሬ ከነዚህ አብዛኞቹን ልኳንዳ ቤቱ፣ ኤሌክትሪኩና ታክሲው ወስደውለታል። የእናት ድርሻ ግን ያው ነው፤ ሽንኩርቱም ያው፣ ማቁላላቱም ያው፣ ልጁም ያው። ስለዚህ አባት ሽንኩርት ይላጥ፣ ልጆቹን ይጠብ ሲባል ከባህል ውጪ አዲስ ግዴታ አልተጫነበትም፤ ዘመኑ የቀነሰለትን ሥራ በሌላ ይተካ መባሉ ነው። ሕጉም በዚህ አቅጣጫ ሄዷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ፣ ባል አሽከርና ገረድ መቅጠር ካልቻለ ሚስት የቤቱን ሥራ የመሥራት ግዴታ እንዳለባት በግልጽ ጽፎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ ቤተሰብ የማስተዳደሩን ኃላፊነት ለሁለቱም እኩል ሰጥቷል። አሮጌው አንቀጽ ከመጽሐፉ ከወጣ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ ከማድቤት ግን ገና አልወጣም። ይህም ሆኖ አባት ብቻውን መልስ አይሆንም። ሁለት ሰው ቢሆኑ እንኳ ለአሥር እጅ የተሠራውን ሥራ ለአራት እጅ ማድረግ ነው፤ አባት የሌለበት ወይም በሥራ ምክንያት ሩቅ ያለበት ቤትም ጥቂት አይደለም።

የሚያስገርመው የጎደለውን እጅ የሚያደራጅ ተቋም በየሰፈሩ መኖሩ ነው፤ እድር ይባላል። ሰው ሲሞት ጡሩንባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ትልልቅ ድስቶችና ሳህኖች ከመጋዘን ይወጣሉ። የሴቶች እድር ባለበት ደግሞ ተራ ወጥቶ እገሊት እንጀራ፣ እገሊት ወጥ፣ እገሊት ውኃ ይባላል፤ ያልመጣች ትቀጣለች። ሐዘንተኛዋ ድስት እንድትጥድ ማንም አይጠብቅም። ይህን የመሰለ የሰው ኃይል ድልድል ማንም መሥሪያ ቤት አላስተማረንም። ግን የሚያገለግለው ሞትን ነው። አራስ ስትሆን የሚመጣላት በጎ ፈቃድ ነው፤ ገንፎ የምታገነፋ ዘመድ ካለች ትመጣለች፣ ከሌለች የለችም። በኦሮሞ ባህል አራስ በወለደች በአምስተኛው ቀን ሸነን ተብሎ ሴቶች ተሰብስበው ገንፎ እየበሉ እናቲቱን የሚያከብሩበት ሥርዓት አለ፤ የእጅ መደራጀት ለልደትም አዲስ እንዳልሆነ ያሳያል። የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ላይ አንድ አንቀጽ ቢጨመር፣ ከሰባት ዓመት በታች ልጆች ያሏት አባል ለአራስነቷ ወራትና ለሁለት ትልልቅ በዓላት ዋዜማ የተራ እጅ ታገኛለች ቢባል፣ ድስቱም ቢዋሳት፣ ልጆቹም በአንድ ግቢ በተራ ቢጠበቁ ወጪው ጥቂት ነው። ሽንኩርቱ በአንድ ግቢ በጋራ ተልጦ በየቤቱ ይከፋፈላል። ቅርጫ ማለት ይኸው አይደለም? ሥጋን በጋራ ገዝተን ለመካፈል ካወቅንበት ሥራውን ለመካፈል የሚከለክለን የለም።

«እድር የሐዘን ነው፣ ሌላ ሲጫንበት ይፈርሳል» የሚል ስጋት ይነሳ ይሆናል። ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም። ኤችአይቪ በ1990ዎቹ ብዙ ቤት ባፈረሰበት ጊዜ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በርካታ እድሮች ከቀብር አልፈው የታመመ መጠየቅና ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ ጀምረው ነበር፤ በዚህም አልፈረሱም። ሌላው ስጋት በአዲስ ሰፈር ሃይማኖቱ ስለሚለያይ አብሮ መሥራት አይቻልም የሚለው ነው። እንዲያውም ለዚህ ጉዳይ ልዩነቱ ጥቅም አለው። የገና ዋዜማ ሙስሊሟ ጎረቤት አትደግስም፤ የአረፋ ዋዜማ ክርስቲያኗ ነፃ ናት። በእርድና በሥጋ ማንም ሌላውን አይነካም፤ ልጅ መጠበቅ፣ ዳቦ መጋገር፣ ውኃ መቅዳት፣ ቡና ማፍላት ግን የማንንም ሃይማኖት አይነካም። ሁሉም በአንድ ቀን በሚደግስበት ሰፈር ሁሉም በአንድ ቀን ይደክማል፤ የበዓሉ ቀን በተለያየበት ሰፈር ግን ሁልጊዜ አንድ ያረፈ እጅ ይገኛል። ሦስተኛው ስጋት ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ይኸውም ተራው ዞሮ ዞሮ በሴቶች ላይ ብቻ ይወድቃል የሚለው። ይህ ትክክለኛ ስጋት ነው። ስለዚህም ደንቡ የአባወራውንም እጅ በስም መጥራት አለበት፤ ድንኳን ለመትከል የሚጠራ ወንድ ልጅ ለመጠበቅም ይጠራ።

መንግሥትም ከዚህ ኃላፊነት የሚያመልጥበት መንገድ የለውም። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለእናት 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ፈቃድ ሲሰጥ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር፤ ለግል ድርጅት ሠራተኞች የወጣው አዋጅ ግን በአሠሪው ላይ ይህን ግዴታ አልጣለም። የሰበታ ፋብሪካና እርሻ ሠራተኛ ደግሞ የግል ድርጅት ሠራተኛ ናት። ቢሮ ውስጥ ለምትሠራው የታሰበው ማቆያ ጎህ ሳይቀድ ከቤት ለምትወጣው አልታሰበም። አዲስ አበባ ባለፉት ዓመታት ለሕፃናት ማቆያና መጫወቻ ትኩረት ሰጥታ ስትንቀሳቀስ ቆይታለች፤ ነገር ግን ከአስኮ አልፎ ቡራዩ፣ ከአየር ጤና አልፎ ሰበታ የምትኖር እናት ውሎዋ አዲስ አበባ፣ አዳሯ ሌላ አስተዳደር ነው። ልጇ ያለው አዳሯ ባለበት ስለሆነ አገልግሎቱም እዚያው ሊከተላት ይገባል። ሸገር ከተማ ገና መንገዱንና ሰፈሩን እየቀየሰ ያለ ከተማ እንደመሆኑ በየወረዳው አንድ የሕፃናት ማቆያ ቦታ በካርታው ላይ ማስቀመጥ ዛሬ ቀላል ነው፤ ሁሉም ተገንብቶ ካለቀ በኋላ ግን ሌላ ፈረሳ ይጠይቃል።

ማቆያው እስኪሠራ፣ ሕጉም እስኪሻሻል ዓመታት ይወስዳል፤ በዚያ መካከል የዛሬ ሕፃናት አድገው የቡሄ ዕድሜያቸው ያልፋል። የእድር ደንብ ግን በአንድ ጠቅላላ ጉባኤ ይሻሻላል፤ ሊቀመንበሩም፣ ጸሐፊውም፣ ገንዘብ ያዡም እዚያው ሰፈር ናቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ «ልዩ ልዩ» ተብሎ በመጨረሻ በሚነሳው አጀንዳ ሥር አንዲት እናት እጇን አውጥታ ለቀብር የምታዋጣውን ያህል ለልጆቿ አስተዳደግ ምን እንደምታገኝ ብትጠይቅ ጉባኤው መመለስ ይኖርበታል። የሚሰጠው መልስ «ደንቡ ላይ የለም» ከሆነ፣ ደንቡን የጻፉት እዚያው የተቀመጡት ሰዎች መሆናቸውን ማስታወስ በቂ ነው።